የዳኪዮ ዱባና የማርሴሊና ጣሪያ

በእኛ ደሴት፣ በኪቲ፣ የሰው እርሻ ማየት፣ ሰው ገላውን ሲታጠብ ከማየት ይብሳል። ሲታጠብ ያየኸው ሰው ስቆ ያልፍሃል። ቦዬውን ያየህበት ግን ዕድሜ ልኩን አይለቅህም። ወንዱ ሁሉ ቦዬውን የሚተክለው ጫካ ውስጥ፣ ሚስቱ እንኳ በማታውቀው ቦታ ነው። ወደዚያ ሲሄድም "ዓሣ ላጠምድ ነው" ብሎ መረብ ተሸክሞ ይወጣል። ከዚያ በድግስ ቀን ያን ጉድ የሚያህል ቦዬ አራት ሰው በእንጨት ተሸክሞለት ከች ሲል አገር አፉን ይይዛል፤ ባላባቱም ማዕረግ ይሰጡታል። ማዕረግ ያለው ሰው ሳካው ሲጨመቅ ዋንጫው ቀድሞ ይደርሰዋል። ሳካው ምላስ የሚያደነዝዝ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል የሥር ጭማቂ ነው። ለዚህ ለጭቃው ተራ ሲባል ያልተኳረፈ ወንድማማች የለም።

ቦዬው ግን አይሸጥም። ለባላባቱ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ዓመቱን ሙሉ ይወራለታል፣ አለቀ። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ሁሉ ስለ ቦዬው ሲያወራ ብትሰሙት ባንክ ያለው ይመስላችኋል።

የማርሴሊና ባል ዳኪዮ በዚህ በሽታ ከሁሉም የባሰበት ነበር። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት፣ ጉልበቱ ገና ያልከዳው ሰው ነው፤ ግን ድሮ በወጣትነቱ ካገኛት አንዲት ተራ ማዕረግ ፈቀቅ አላለም። ጎረቤቱ ዮዋኪም በየድግሱ በአንድ በሁለት ስንዝር እየበለጠ አንጀቱን ያሳርረዋል። የማርሴሊናን አንጀት የሚያሳርረው ደግሞ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። እኛ ጋ ዝናቡ የሚያቆመው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ያህል ስለሆነ ቤቷ ውስጥ የሌለ ባልዲና ድስት የለም። ባልና ሚስቱ የሚተኙበትን ቦታ የሚመርጠው ዝናቡ ነው።

ያን ሰሞን ልጃቸው ሰርሊን የበኩር ልጇን አርግዛ አምስት ወር ሞላት። በወጋችን ሴት ልጅ በኩሯን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ይህን የሚያውቁት የባሏ እናት፣ አዛኝ መስለው አንድ መልእክት ላኩ፦ "እናቷ ቤት ጣሪያ እንደሌለው ሰምቻለሁ። ግድ የለም፣ እኔ ጋ ትውለድ።"

ማርሴሊና ደሟ ፈላ።

"ንገሪያቸው" አለቻት መልእክተኛዋን። "ጣሪያ አለን በያቸው! ልጄ እቤቷ ትወልዳለች፤ እሳቸውም መጥተው ቀና ብለው ያያሉ!" ሴትየዋ እንደወጣች ወደ ባሏ ዞረች። "ሰማህ፣ ዳኪዮ?"

"ሰማሁ።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"ዓሣ ላጠምድ ልሂድ" አለና መረቡን አነሳ።

በሳምንቱ ከከተማው ከኮሎኒያ፣ ከግብርና ቢሮ፣ ወልሲን የሚባል ወጣት መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ልጅ ነው። በድግስ አዳራሹ ሰበሰበንና፣ "አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ቦዬውን ማንም አልነካባችሁም" አለ። "ግን አንድ ነገር ብቻ ተክሎ መቀመጥ ድህነትን መቀለብ ነው። አንዱ ለመብል፣ አንዱ ለገበያ ይሁን። አንዱን ተባይ ቢበላባችሁ ሌላው ይተርፋችኋል።" እውነቱን ነው፣ ጥሩ ተናገረ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እጁን እንስመው ነበር። እሱ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ።

"እስቲ ከጋሽ ዮዋኪም እንጀምር። አሁን እርሻዎ ላይ ምን ምን አለ?"

ዮዋኪም ፊቱ ቀላ። አንዱን ሽማግሌ ሳል ያዛቸው፤ ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ከኋላ አንድ ሰው፣ "ይህን ልጅ ማን ነው ያሳደገው?" ሲል ተሰማ።

"ልጄ" አሉት ባላባቱ በትዕግሥት፣ "ዘሩን ስጠንና ሂድ።"

ለየቤቱ ስድስት እሽግ ዘር ታደለ፦ ደበርጃን፣ ፎሶሊያ፣ ቃሪያ፣ የቻይና ጎመን፣ በቆሎና ዱባ። በአራተኛው ወር፣ ቀኑን ቆርጦ፣ በከተማው ካለው ሆቴል አብሳዩ መኪና ይዞ እንደሚመጣና ያለንን ሁሉ እንደሚገዛ ወልሲን ቃል ገባልን። ማርሴሊና በጣቷ ቆጠረች። ሰርሊን የምትወልደውም ያኔ ነው። ልቧን ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለል አላት።

ዳኪዮ ቤት እንደገባ እሽጎቹን ወለሉ ላይ ደረደረና የላያቸውን ሥዕል አንድ በአንድ መረመረ።

"የትኛው ነው ትልቅ የሚሆነው?"

"ምን ማለትህ ነው? ስድስቱንም ነው የምትተክለው!"

"ቃሪያ ለማን ይታያል፣ አንቺ ሴትዮ? ቃሪያ በእንጨት ተሸክሜ ባላባቱ ፊት ላቅርብ?" ዱባውን ኪሱ ከተተ። "ሌላውን ለዶሮ በትኚው።" መረቡን ይዞም ውልቅ አለ።

ማርሴሊና ለዶሮ አልበተነችውም። በአሳማዎቹ ጋጥ ዙሪያ፣ ፍጉ ባለበት ቦታ አምስቱንም ተከለችው። ይህንን ማንም ወንድ እርሻ ብሎ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ማንም ለማየትም ላለማየትም አልተጨነቀም። እሷ ግን ሐሳቧ ዱባው ላይ ነበር። ሰውየው በየቀኑ ዓሣ ሊያጠምድ ይሄዳል፤ መረቡ ደረቅ እንደሆነ ይመለሳል፤ በዚያ ላይ ያፏጫል። ምን ያህል ዱባ ይዞ ይሆን? ለስንት ቆርቆሮ ይበቃ ይሆን? ብትጠይቀው ነውር ነው። ብታየው ደግሞ ከነውርም በላይ ነው፤ እርሻ የሰረቀ ዓይን ይባላል። ሁለት ወር ያህል ታገሠች። አንድ ረፋድ ግን ዝናቡ ያዘጋጀችውን የሰርሊንን አልጋ ሲያበሰብሰው ትዕግሥቷ አለቀ። ዳኪዮ ወደ ባላባቱ ቤት ሲሄድ ጠብቃ፣ የእግሩን ዱካ ተከትላ ወንዙን ተሻግራ ዳገቱን ወጣች።

አገኘችው። አንድ ሐረግ። በሐረጉ ላይ አንድ ዱባ። አንድ ብቻ! ገና ከአሁኑ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያህል፣ ከሥሩ ደረቅ ቅጠል የተነጠፈለት። ከላዩ ደግሞ ዳኪዮ አራት ባላ ተክሎ፣ የዘንባባ ዝንጣፊ ጥቅጥቅ አድርጎ ሠርቶ፣ ጠብታ የማያሳልፍ ጣሪያ አቁሞለታል።

"በስመ አብ!" አለች ማርሴሊና ጮክ ብላ። "ለዱባ ጣሪያ!"

ድንጋይ አንስታ ልትፈጠፍጠው ነበር። ደግነቱ እጇ ከመነሳቱ በፊት ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። ዳኪዮ የተክሉ ጉልበት ሁሉ ለአንዱ ዱባ እንዲሆን ብሎ የሐረጉን ቀንበጥ በየቀኑ ይቀነጥባል፤ አዲስ የያዘውንም ጨቅላ ዱባ ሁሉ ይቀጥፋል። የተቀጠፈው እጅብ ብሎ ተከምሯል። የዛሬው ገና ለምለም ነበር። እኛ ቅጠል አንበላም፤ ቅጠል የአሳማ ነው። በከተማው ያሉት ፊሊፒኖች ግን ቀንበጡን በኮኮናት ወተት ቀቅለው ጣታቸውን እንደሚልሱ ማርሴሊና በዓይኗ አይታለች። ድንጋዩን ጣለች። ቅርጫቷን ሞላች።

የሆቴሉ አብሳይ ሮዴል፣ አጠር ወፈር ያለ ፊሊፒናዊ፣ ማርሴሊና ከተማ ድረስ በጓሮው በር ያመጣችለትን ቅርጫት ከፍቶ ሲያይ እንባ ሊቀድመው ምንም አልቀረው።

"እማማ! በእናትሽ ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ከሜዳ" አለች ማርሴሊና።

"ሜዳው ይባረክ! በሳምንት ሁለቴ አምጪልኝ። ጨቅላዎቹን ዱባዎችም አትርሺ፣ ድስቴ ውስጥ ልክክ ይላሉ።"

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ዳኪዮ ቀንጥቦ ይጥላል፣ ማርሴሊና ለቅማ ትሸጣለች። ቆይቶ ደበርጃኑ ደረሰ፣ ፎሶሊያው ተንዠረገገ፣ ቃሪያውም ቀላ፤ ሮዴል አንዱንም አልመለሰም። ዳኪዮም ክምሩ በየጊዜው ድራሹ እንደሚጠፋ ልብ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን አይጥ ነው ይል ነበር። ዳኪዮ ግን ሙት አያቱ መጥተው ቀንበጡን እየበሉ ዱባውን እየመረቁለት እንደሆነ አመነ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ አንድ ዋንጫ ሳካው ክምሩ አጠገብ ያስቀምጥላቸው ጀመር። ማርሴሊና መጀመሪያ ደፋችው። በኋላ ግን ዳገቱ ሲያደክማት አንዴ ቀመሰችው፤ ያን ቀን ከሰዓት ምላሷ ደንዝዞ፣ ለወሊድ የመጣችውን ሰርሊንን "ነይ ብይ" ማለት አቅቷት በእጇ ጠራቻት።

በሽያጩ ገንዘብ የምትገዛውን ቆርቆሮ ቤቷ ላይ ብትመታ አገሩ ሁሉ "ከየት አመጣሽው?" ሊላት ነው። ስለዚህ ለጊዜው ብላ አሳማዎቹ ጋጥ ላይ መታችው።

"እነዚህ አሳማዎች ቤተ መንግሥት ገቡ እኮ!" አለ ዳኪዮ አንድ ቀን ጋጡን እያየ።

"የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞቼ ናቸው ያዋጡልኝ።"

"ለአሳማ?"

"ለአሳማ። ምነው፣ ቀናህ?"

ዱባው ጣሪያ አለው፤ አሳማው ጣሪያ አለው፤ ማርሴሊና በባልዲና በድስት መሐል ትተኛለች። ግን የሚበቃው ቆርቆሮ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ሰርሊንም እግሯ እያበጠ ዘጠነኛ ወሯን ያዘች።

የተቆረጠው ቀን ደረሰ። ወልሲን ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሮዴል መኪናውን ይዞ መጡ። ባላባቱ ከፍ ያለው መቀመጫቸው ላይ ተሰየሙ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች በቅጠል የተሸፈነ ነገር በእንጨት ተሸክመው እያቃሰቱ ገቡ። ቅጠሉ ሲገለጥ ዱባ ሆነ፤ ያገር ልክ። ባለቤቱ ዓይኑ እያበራ ዙሪያውን አየ። ሌሎች አራት ሰዎች ሌላ ይዘው ገቡ። ዱባ። ደግሞ ሌላ። ዱባ! የሁሉም ፊት በየተራ ሲጠቁር ማየት ነበር። ለካ አገሩ ሁሉ በየጫካው ተደብቆ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለው ብሎ፣ አንድ አንድ ግዙፍ ዱባ ሲያጠባ ከርሟል።

"ደበርጃኑስ?" አለ ወልሲን ድምፁ ቀጥኖ። "ፎሶሊያውስ? ስድስት ዓይነት ዘር እኮ ነው የሰጠኋችሁ!"

"ዶሮ በላው" አለ አንዱ። ሌሎቹም ዶሮ እንደበላው መሰከሩ።

ሮዴል አንዱን ዱባ በቢላዋ ሰነጠቀው። ውስጡ ጅማት ጅማትና ውኃ ነበር። "ጌቶቼ" አለ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ፣ "ይሄ በወጥ ቤቴ በር አይገባም። ቢገባም አይበስልም።" አንዱንም ሳይገዛ ቢላዋውን ጠረገ። ወልሲን የዱባ ተራራው ሥር ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ።

ባላባቱ ግን በጣም ተደስተው ነበር። "አብሳዩ ባይገዛ እኔ እለካለሁ!" አሉ። ከአንድ ሽማግሌ ሞት ወዲህ ባዶ የቆመ ትልቅ ማዕረግ አለ፤ ሁላችንም እናውቃለን። የመለኪያ ገመድ መጣ። ዱባዎቹ በየተራ ተለኩ። የዮዋኪም ሁሉንም በለጠ። ከዚያ የዳኪዮ ተለካ፤ የዮዋኪምን በአንድ ስንዝር በለጠ። ዳኪዮ አልጮኸም፣ አልፎከረም። ዱባውን ብቻ በመዳፉ ይደባብስ ነበር። ማርሴሊና ከምሰሶው ጀርባ ሆና አየችው፤ ስንት ዓመት የተናደደችበት ሰው አሳዘናት። ባላባቱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሮዴል ወደ መኪናው ሊሄድ ሲዞር ማርሴሊናን አያት።

"እማማ!" አለ በደስታ። "እዚህ ነሽ እንዴ! የዛሬው የዱባ ቀንበጥ የታለ?"

ዮዋኪም ብድግ አለ።

"የምን ዱባ ቀንበጥ? የእሷ ጓሮ ዱባ የለውም። ከማን እርሻ ነው የምትቀነጥበው?"

ሁሉም ዞሮ ዳኪዮን አየ። ዳኪዮ ሚስቱን አየ። ክምሩ፣ አያቱ፣ ዋንጫው፣ የአሳማዎቹ ቆርቆሮ ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ሲያልፍ ማርሴሊና አየችው።

"ዳኪዮ" አሉ ባላባቱ ቀስ ብለው። "አሳየሃት ወይስ ሰረቀችህ?"

ጥያቄው አጭር ነው፤ ትርጉሙን የማያውቅ ግን አልነበረም። ሰው እርሻውን በፈቃዱ ካሳየ፣ የታየ ሰብል አይለካም፤ ዱባው ከውድድር ወጣ ማለት ነው። ከተሰረቀ ግን ዱባው ንጹሕ ነው፤ ማዕረጉም የእሱ ነው። ጥፋቱ የሴትየዋ ይሆናል፤ ዕቃዋን ይዛ ወንድሞቿ ቤት ትሄዳለች፣ አሳማ ታርዶ እርቅ እስኪወርድም እዚያው ትከርማለች። ሰርሊን እዚያው ምንጣፍ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ማርሴሊና ልጄ አማቷ ቤት ልትወልድ ነው፤ ጋጡ ላይ የተጠራቀመው ቆርቆሮ ለአሳማ ሊቀር ነው ብላ አሰበች። ቢሆንም እውነት እውነት ነው፤ ሰርቃለች። ሰውየው ደግሞ ይህን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆታል። "ጌታዬ፣ እኔ ነኝ..." ብላ ጀመረች።

"እኔ ነኝ ያሳየኋት!" አለ ዳኪዮ።

ጠቅላላ አዳራሹ አጉረመረመ።

"አንተ?" አለ ዮዋኪም። "ቄሱ ለንስሐ ሲጠይቁህ እንኳ እርሻህ በየት በኩል እንደሆነ ያልተናገርከው ሰውዬ?"

"እጇን ይዤ ወሰድኳት። የትኛውን ቀንበጥ እንደምትቆርጥም ያሳየኋት እኔ ነኝ። ሚስቴ ናት፣ ምን አገባህ?"

ውሸት መሆኑን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባላባቱም ያውቃሉ። ዳኪዮን ትንሽ አዩትና ዓይናቸውን አነሱለት። ማዕረጉ ለዮዋኪም ተሰጠ። ሳካው ተጨምቆ የመጀመሪያው ዋንጫ ለዮዋኪም ሲሄድ ዳኪዮ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አየ።

ሁለት ቀን አላናገራትም። የአገሩ ሴት ሁሉ ግን በነጋታው ማርሴሊና ጓሮ ነበረች፤ የዮዋኪም ሚስት ሳትቀር። ወልሲንም ፎሶሊያውን እየነካካ፣ "እትዬ ማርሴሊና፣ የግብርና ቢሮውን ስም ያተረፉ እርስዎ ብቻ ነዎት" ሲላት ዋለ። የዘር እሽግ የቀረው ካለ ለሁሉም ሴት እንዲያድል ነገረችውና ሸኘችው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዳኪዮ መረቡን አላነሳም። መዶሻ ይዞ ወደ አሳማዎቹ ጋጥ ሄደና ቆርቆሮውን ይነቅል ጀመር። የጎደሉትን ማርሴሊና ቀድማ ገዝታቸው ነበር። ቤቱ ላይ ወጣ፤ እሷ መሰላሉ ላይ ቆማ ሚስማር ታቀብለዋለች። ሰርሊን ከታች፣ "ኧረ ቀስ በሉ፣ ልጁ በጆሮዬ ሊወጣ ነው!" እያለች ትጮኻለች።

ግማሹን ከመታ በኋላ ዳኪዮ መዶሻውን አስቀመጠ። አላያትም፤ የሚያየው ባሕር ባሕሩን ነው።

"መጀመሪያ ያየሽው ቀን..." አለ።

"ምኑን?"

"ዱባውን ነዋ። እንዴት ነበር?"

"አሁን ይሄ ምን ይጠቅምሃል?"

"ንገሪኛ። አንድ ሰው እንኳ አይቶልኝ አያውቅም እኮ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የተከልኩት ሲያድግ ያየልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ማርሴሊና ልትቀልድበት ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም።

"ልፈጠፍጠው ድንጋይ አንስቼ ነበር" አለችው። "እውነቴን ነው። በኋላ ቅርጫቴን ሞልቼ ልሄድ ስል ዞሬ አየሁት። አንድ ጭረት አልነበረበትም። ሥሩ ያነጠፍከው ቅጠል ሁሉ አዲስ ነበር፤ በየቀኑ ነው ለካ የምትቀይርለት። ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ ዳኪዮ። ቁጭ ብዬ ሳየው ሰርሊንንም፣ ጣሪያውንም፣ አንተን መሳደቤንም ረሳሁት።"

"ከዮዋኪም ይበልጥ ነበር?"

"ዮዋኪም ደግሞ ማነው?"

ዳኪዮ ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳዞረ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋላትና፣ "ሚስማር" አላት። ሰጠችው።